«የጣሊያን ቤት» ምንድን ነው?

ሰሞኑን አንድ የሽያጭ ማስታወቂያ አየሁ። «ፒያሳ አካባቢ፣ ኦሪጅናል የጣሊያን ቤት» ይላል። ፎቶው ላይ ከፍ ያለ የድንጋይ መሠረት፣ ዙሪያውን የእንጨት በረንዳ፣ ከጣሪያው ጠርዝ ላይ እንደ ጥልፍ የተፈለፈለ ጣውላ ይታያል። ደላሎቻችን አሮጌና በረንዳ ያለው ቤት ሲያዩ አፋቸው ላይ የሚመጣው ይኸው ስም ነው። ስሙ ግን ስህተት ነው።

ጣሊያን አዲስ አበባ የገባው በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. ነው። በ1933 ወጣ። ያ የፎቶው ዓይነት ቤት ከዚያ በፊት በምኒልክና በተከታዮቹ ዘመን የተስፋፋ ነው። በምኒልክ ዘመን የተሠራውን ጣይቱ ሆቴልን አስቡ። መስቀል አደባባይ አጠገብ ያለውን፣ ዛሬ የአዲስ አበባ ሙዚየም የሆነውን የራስ ብሩን ቤት እዩ። ጉለሌ ያለውን የሼህ ሆጀሌን ቤት እዩ። በየትኛው ላይ ነው የጣሊያን እጅ ያለው?

ነገሩ ልጅን በእንጀራ አባቱ ስም እንደመጥራት ነው። ወላጆቹ ሌሎች ናቸው፦ አሠሪው የአገሬው መኳንንት፣ አናጢው ህንዳዊ፣ ግንበኛው አርመን ወይም ግሪክ፣ ጭቃውን ያቦካው ደግሞ የሰፈሩ ሰው። የእንጀራ አባቱ በጉልበት ገባ፣ እናትየዋ ወዳ አላገባችውም። አምስት ዓመት ኖረ፤ መስኮት ቀየረ፣ ክፍል ከፈለ፣ ሄደ። እኛ ግን ልጁን ዛሬም በእሱ ስም እንጠራዋለን።

የእሱ የራሱ ልጆችም አሉ፣ አልክድም። ካዛንቺስ ስሙን ያገኘው ለመንግሥት ሠራተኞች ቤት ከሚሠራው «ኢንቺስ» ከተባለ የጣሊያን ተቋም ነው፤ «ካዛ» ቤት ማለት ነው። ፖፖላሬ የሚባለው ሰፈር ስምም እንዲሁ ጣሊያንኛ ነው። እነዚያ ቤቶች በአንድ ንድፍ ተደጋግመው የተሠሩ፣ ዝቅ ያሉ፣ ጌጥ የሌላቸው ናቸው። ከካዛንቺሶቹ ብዙዎቹ በ2017 ዓ.ም. ፈርሰዋል። አንድ ማሳሰቢያ ልጨምር፦ ጣሊያናዊ የነደፈው ሁሉ የወረራው ዘመን ቤት አይደለም። የማዘጋጃ ቤቱን ሕንፃና የአፍሪካ አዳራሽን የነደፈው አርቱሮ ሜዜዲሚ የሠራው ለቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ መንግሥት ነው።

አንድ ሰው «ስሙ ምን አስጨነቀህ? ያው አሮጌ ቤት ነው» አለኝ። የሚያስጨንቀኝ ግድግዳው ነው። «የጣሊያን» ሲባል ቤቱን የሚገዛው ሰው ግድግዳው ድንጋይ ነው ብሎ ያስባል። ከእነዚህ የቆዩ ቤቶች ብዙዎቹ ግን ከመሠረቱ በላይ እንጨት፣ ማገርና ጭቃ ናቸው። ጭቃው ከጭድ ጋር ተቦክቶ፣ በላዩ በኖራ ተለስኗል። ይህ ግድግዳ ይተነፍሳል፤ ክረምት የጠጣውን እርጥበት በጋ ላይ ይተፋል። በሲሚንቶ ሲለሰን መተንፈሻው ይደፈናል።

አንድ ጊዜ እንዲህ የታደሰ ቤት እንዳይ ተጠራሁ። ከውጭ ሲታይ አዲስ ነው። ባለቤትየው «ጠንካራ የጣሊያን ግንብ» ብለው በሲሚንቶ አስለስነውታል። መሠረቱ አጠገብ አንድ መዳፍ የሚያህል ልስን አነሳን። ከስሩ የነበረው ቋሚ እንጨት በጣቴ ስጫነው እንደ ዳቦ ፍርፋሪ ወረደ። ምስጥ ገብቶበታል። እኚህ ሰው ብዙ ብር አውጥተው ቤታቸውን በገዛ እጃቸው ገደሉት። አንጀቴን ነው የበላኝ።

ሙያዬ ባይሆንም አንድ ነገር ልበል፦ በ1967ቱ አዋጅ የተወረሱ ብዙ የድሮ ቤቶች ዛሬም የመንግሥት ናቸው። ስለ ውበቱ ከማውራት በፊት ካርታው በማን ስም እንደሆነ ይጠየቅ።

ከዚያ ግድግዳውን በጣት አንኳኩት። ድፍን፣ ድምፅ የማይመልስ ከሆነ ጭቃ ሊሆን ይችላል። እርግጠኛ ለመሆን ግን ከበረንዳው ጥግ፣ ማንም ከማያየው ቦታ ትንሽ ልስን አስነሱ። ማገር ከታየ፣ ለእድሳት ኖራ የሚያውቅ ሰው ፈልጉ።