የሙርትስሽቴግ የአደን ቤት

በኦስትሪያ የሽታየርማርክ ክፍለ ሀገር፣ የሙርትስ ወንዝ በሽኔአልፐና በፋይች ተራሮች መካከል በሚወርድበት ጠባብ ሸለቆ ውስጥ የሚገኘው የሙርትስሽቴግ የአደን ቤት፣ ንጉሠ ነገሥት ፍራንዝ ዮሴፍ እ.ኤ.አ. በ1869 ያሠሩት ነው። በወረቀት ላይ «የአደን ቤተ መንግሥት» ይባል እንጂ፣ ንጉሡ በቪየና ከሚኖሩበት ከ1,400 በላይ ክፍል ካለው ከሾንብሩን ጋር ሲተያይ ስሙ በጣም ይገዝፍበታል።

ቦታውን ያስመረጠው የአውሬው ብዛት ብቻ አልነበረም። በ1854 የተከፈተው የዜመሪንግ የባቡር መስመር ቪየናን ከተራሮቹ ጋር ያገናኘ ሲሆን፣ በ1879 ደግሞ ቅርንጫፉ እስከ ጎረቤቱ ኖይበርግ ደረሰ። ንጉሡ ለአደን ሲወጡ የጦር ልብሳቸውን አውልቀው ጉልበት ድረስ የሚደርስ የቆዳ ሱሪ ይለብሱ ነበር፤ በባርኔጣ ላይ የሚሰካው ጉንጉን ደግሞ ጌምስ ከሚባለው የተራራ ፍየል የጀርባ ፀጉር የሚሠራ ነው።

ቤቱን በታሪክ ያስታወሰው ግን አደኑ አይደለም። በነሐሴ 1903 በኦቶማን ግዛት በነበረችው መቄዶንያ በኦቶማን አገዛዝ ላይ የኢሊንደን አመፅ ፈንድቶ በኃይል ከተደመሰሰ በኋላ፣ የሩሲያው ጻር ኒኮላይ 2ኛ በጥቅምት መጀመሪያ ወደ ሙርትስሽቴግ መጡ። ነገሥታቱ ለአደን ሲወጡ፣ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሮቻቸው ጎሉሆቭስኪና ላምስዶርፍ የማሻሻያ ውጥን አዘጋጁ፦ አንድ የኦስትሪያና አንድ የሩሲያ ሹም የኦቶማንን ዋና ተቆጣጣሪ ሒልሚ ፓሻን እንዲከታተሉ፣ የፖሊስ ኃይሉም በውጭ አገር ጄኔራል እጅ እንዲደራጅ። ሦስተኛው አንቀጽ፣ አገሩ ሲረጋጋ የአስተዳደር ወሰኖች በነዋሪዎቹ ብሔር መሠረት እንዲከለሱ ይል ነበር። እንደ እኔ ግምት የውጥኑ ትልቁ ስሕተት ይኸው ነው፤ የቡልጋሪያ፣ የግሪክና የሰርቢያ ታጣቂዎች ወሰኑ ከመከለሉ በፊት መንደሮችን ወደየራሳቸው ወገን ለማስገባት ይበልጥ ተፋለሙ። የሱልጣኑን አገዛዝ የተቃወሙት የወጣት ቱርኮች አብዮት በ1908 ሲነሣ ውጥኑ አከተመ።

የፍራንዝ ዮሴፍ ሥርወ መንግሥት የሆኑት ሐፕስበርጎች በ1918 ሥልጣን ሲያጡ ቤቱ የሪፐብሊኩ ንብረት ሆነ። ከ1947 ጀምሮ የኦስትሪያ ፕሬዚዳንቶች የበጋ ማረፊያ ሲሆን፣ የመንግሥት እንግዶችም ይስተናገዱበታል። ሙርትስሽቴግ ራሷ በ2015 ከኖይበርግ ጋር ተዋሕዳ የራሷን ማዘጋጃ ቤት ብታጣም፣ ፕሬዚዳንቱ አሁንም የሚያርፉት እዚያው ነው።