የሕዝብ ዘፈን በፊሊፒናውያን ኑሮ ውስጥ

ፊሊፒንስ ከ7,600 በላይ ደሴቶችና ከ170 በላይ ቋንቋዎች ያሏት አገር ስለሆነች የሕዝብ ዘፈኗም አንድ ወጥ አይደለም። ታጋሎጉ፣ ኢሎካኖው፣ ቪሳያው፣ ማራናኦው በየቋንቋው ያዜማል። የሚያመሳስላቸው ዘፈኑ የሚፈለግበት አጋጣሚ ነው፤ ሕፃን ሲያባብሉ፣ ሩዝ በደቦ ሲተክሉ፣ ኮረዳ ሲያማልሉ፣ አስከሬን ሲጠብቁ ይዘፈናል።

ልጆች ገና በጠዋቱ ከሚማሯቸው መካከል «ባሃይ ኩቦ» የተባለው የታጋሎግ ዘፈን አለ። በአንዲት ትንሽ ጎጆ ዙሪያ የበቀሉ 18 ተክሎችን በስም ይጠራል፦ ደበርጃን፣ ኦቾሎኒ፣ ዱባ፣ ሰናፍጭ፣ ሽንኩርት፣ ቲማቲም፣ ዝንጅብል፣ ሰሊጥ እያለ ይቀጥላል። የጥንታዊ ገጠር ኑሮ ምልክት ተደርጎ ቢታይም ኦቾሎኒው፣ ዱባውና ቲማቲሙ በስፔን ዘመን ከአሜሪካ አህጉር የመጡ ናቸው። እ.ኤ.አ. ከ1565 እስከ 1815 የስፔን መርከቦች በማኒላና በሜክሲኮዋ አካፑልኮ መካከል ይመላለሱ ነበር። የዚያ ንግድ ዘመን አሻራ በአንድ የልጆች ዘፈን ውስጥ እንዲህ ቁልጭ ብሎ መገኘቱ በጣም ያስደንቃል።

ሃራና የሚባለው የፍቅር ልመና ነው። ወጣቱ ጊታር ይዞ፣ ጓደኞቹን አስከትሎ፣ በምሽት ልጅቷ መስኮት ሥር ቆሞ ይዘፍናል። ዛሬ ልማዱ ከሞላ ጎደል ጠፍቷል። ከፍቅር ዘፈኖቹ መካከል ኩንዲማን በሦስት ምት የሚሄድ፣ በትካዜ ጀምሮ ብዙውን ጊዜ ወደ ተስፋ የሚሻገር ዜማ ነው። በቅኝ አገዛዝ ዘመን ሰሙ ፍቅር፣ ወርቁ አገር ሆነ። በአሜሪካ አገዛዝ ወቅት የተደረሰው «ባያን ኮ» («አገሬ») እ.ኤ.አ. በ1986 ፕሬዚዳንት ፈርዲናንድ ማርኮስን ከሥልጣን ያወረደው ሕዝብ አደባባይ ወጥቶ የዘመረው ነው።

ከሁሉም ጥልቅ የሚመስለኝ ግን ሁድሁድ የተባለው የኢፉጋኦ ሕዝብ የትረካ ዝማሬ ነው። ኢፉጋኦዎች በሉዞን ደሴት ሰሜናዊ ተራሮች ላይ በሠሯቸው የሩዝ እርከኖች ይታወቃሉ። ሁድሁድ በሩዝ ዘርና አጨዳ ወቅት፣ በለቅሶና በሥርዓተ አምልኮ ላይ ይዜማል። አውራጇ አብዛኛውን ጊዜ አሮጊት ናት፤ እሷ ታወጣለች፣ ተቀባዮቹ ይመልሳሉ፤ ለስንኞቹ ሁሉ የሚያገለግለው ዜማ አንድ ብቻ ነው። ከ200 በላይ ዝማሬዎች ያሉት ሲሆን እያንዳንዱ በ40 ክፍል ይከፈላል፤ አንዱን ሙሉ ለመዝለቅ ቀናት ሊወስድ ይችላል። ዝነኛ ጀግናው አሊጉዮን ነው። ከባላንጣው ከፑምባካዮን ጋር ለዓመታት ተዋግተው መሸናነፍ ሲያቅታቸው ይታረቃሉ፤ አንዱም የሌላውን እህት ያገባል። የአባቶች ሕግ፣ እምነትና የዘር ሐረግ በዚህ ትረካ ውስጥ ስለሚተላለፍ አውራጇ የማኅበረሰቡ ታሪክ ነጋሪም ጭምር ናት።

ዩኔስኮ ሁድሁድን እ.ኤ.አ. በ2001 የሰው ልጅ የቃልና የማይዳሰስ ቅርስ ድንቅ ሥራ ብሎ ሰይሞታል፤ በ2008ም በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ገብቷል። ይሁንና በእጅ የሚታጨደው ማሳ እየቀነሰ፣ ካቶሊክነት እየተስፋፋ፣ ወጣቱ ወደ ከተማ እየፈለሰ በመሄዱ አውራጆቹ አርጅተው ተተኪ አጥተዋል። በኢፉጋኦ ሕፃናት ከአዋቂዎች ሥር ተቀምጠው ዝማሬውን የሚለማመዱባቸው ትምህርት ቤቶች ተከፍተዋል። ጥሩ ጅምር ነው፤ ነገር ግን ልጆቹ በመድረክ ላይ ብቻ ሳይሆን በአጨዳው መሐል እንዲዘፍኑት ካልተደረገ ቃሉን እንጂ ሥራውን አይወርሱም።