ቼዝ ለሚጀምሩ ሰዎች፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«መጀመሪያ መክፈቻ መሸምደድ ያስፈልጋል»

አብሬው የምጫወት አንድ ወጣት የሲሲሊያን መከላከያ የተባለውን መክፈቻ (የጨዋታ አጀማመር) እስከ 12ኛው እርምጃ ድረስ በቃሉ ይዞ መጣ። ሌሊቱን ሲያጠና እንዳደረ ዓይኑ ይናገር ነበር። ተጋጣሚው ግን በ4ኛው እርምጃ ላይ ያልተጠበቀ ወታደር አንድ ቤት ገፋ። ልጁ ደነገጠ። ዓይኑ ሰሌዳው ላይ ቢሆንም ልቡ ሸምድዶት ከመጣው ገጽ አልወጣም፤ ከሦስት ተራ በኋላ ጠባቂ የሌለው ፈረሱ በነጻ ተበላ። የጀማሪዎች ጨዋታ በአብዛኛው የሚወሰነው እንዲህ ነው፦ አንዱ ጠጠሩን ያለ ጠባቂ ይተዋል፣ ሌላው ያያል ወይም ሳያይ ያልፋል።

ለመክፈቻ ጥቂት ነገር ይበቃል። መካከሉን በወታደር ያዙ፣ ፈረሶችንና ጳጳሳትን ቶሎ አውጡ፣ ንጉሡን ካስሊንግ በሚባለው እርምጃ ከግንቡ ጋር አዛውራችሁ ከጥቃት አርቁ። ከእያንዳንዱ እርምጃ በፊትም «አሁን ምኔን ሊበላብኝ ይችላል?» ብላችሁ ጠይቁ።

ምክንያቱን ማወቅ ከመሸምደድ ምን ያህል እንደሚሻል ለማየት ጀማሪ ሁሉ የሚወድቅበትን የአራት እርምጃ ወጥመድ ወስዳችሁ ተመልከቱ። ሁለቱም ወገኖች በንጉሡ ፊት ያለውን ወታደር ሁለት ቤት ይገፋሉ። ነጩ ንግሥቲቱን ወደ ኤች5 (ፊደሉ የሰሌዳውን ዓምድ፣ ቁጥሩ ረድፉን ያመለክታል)፣ ጳጳሱን ወደ ሲ4 ያወጣና ኤፍ7 ላይ ቼክ ሜት ይላል፤ ንጉሡ ተጠቅቶ ማምለጫ ያጣል ማለት ነው። ኤፍ7 የተመረጠችው ከንጉሡ በቀር ሌላ ጠባቂ ስለሌላት ነው። ይህን የተረዳ ሰው መድኃኒቱንም ራሱ ያገኘዋል። ንግሥቲቱ ገና ኤች5 ላይ እንደወጣች ቸኩሎ ጂ6 በመግፋት ማባረር ጥፋት ነው፤ የኢ5ን ወታደር በቼክ (ንጉሡን እያጠቃች) በልታ ጥግ ላይ ያለውን ግንብም ታስከትላለች። መጀመሪያ ፈረሱን ሲ6 ላይ አውጥቶ ኢ5ን መጠበቅ፣ ጳጳሱ ሲ4 ሲደርስ ጂ6 መግፋት፣ ንግሥቲቱ ወደ ኤፍ3 ዞራ እንደገና ስታስፈራራ ደግሞ ሁለተኛውን ፈረስ ኤፍ6 ላይ መጋረድ። በዚህ ጊዜ ነጩ ንግሥቲቱን ሲያንከራትት ጥቁሩ ሁለት ፈረሶችን አውጥቷል።

«ጎበዝ ማለት አሥር እርምጃ ወደፊት የሚያይ ነው»

ይህ አስተሳሰብ ብዙ ሰው ገና ሳይጀምር ተስፋ አስቆርጧል። የኔዘርላንድሱ የሥነ ልቦና ተመራማሪ አድሪያን ደ ኽሮት፣ አሌኪንንና ኡዌን የመሳሰሉ የዓለም ሻምፒዮናዎች ድምፅ አውጥተው እያሰቡ እንዲጫወቱ አድርጎ ነበር። ታላላቆቹ ከእነርሱ ዝቅ ካሉት ጠንካራ ተጫዋቾች ይበልጥ አርቀው አላሰሉም ማለት ይቻላል፤ ልዩነቱ ገና ከመነሻው ዓይናቸው ትክክለኛው እርምጃ ላይ ማረፉ ነበር። ቼይስ እና ሳይመን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ተመራማሪዎች በ1973 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ጥናትም ይህንኑ አጠናከረ። ከእውነተኛ ጨዋታ የተወሰደ፣ 24 ገደማ ጠጠሮች ያሉበት ሰሌዳ ለ5 ሰከንድ ታይቶ ሲከደን፣ ሊቁ 16 ያህሉን በቦታቸው መለሰ፤ ጀማሪው 4 ያህሉን። ጠጠሮቹ እንዲያው በዘፈቀደ ሲበተኑ ግን ሊቁም ከጀማሪው እምብዛም አልተሻለም። ሊቁ የተለየ የማስታወስ ኃይል ኖሮት ሳይሆን የሰሌዳውን ቅርጽ እንደ ፊደል ለይቶ ያነባል።

ፊደል ደግሞ የሚቆጠረው በየቀኑ ነው። ፈረስ ንጉሥንና ንግሥትን በአንድ ጊዜ የሚያስፈራራበት፣ አንድ ጠጠር ከኋላው ያለውን ንጉሥ ላለማጋለጥ መንቀሳቀስ የሚያቅተው፣ እነዚህን የመሰሉ አጫጭር እንቆቅልሾችን በቀን ሃያ ደቂቃ መፍታት ዓይንን ያሠለጥናል። መልሱን ሳታገኙ ጠጠር አትንኩ፤ ገምቶ መሞከር ምንም አያስተምርም።

«ብዙ የተጫወተ ይሻሻላል»

በሦስት ደቂቃ የሚያልቅ ጨዋታ ማታ ማታ ሠላሳ ጊዜ የሚጫወቱ፣ ግን ለዓመታት ከነበሩበት ፈቀቅ ያላሉ ሰዎች አውቃለሁ። የፍጥነት ጨዋታ የለመዱትን ስሕተት ይበልጥ ያስለምዳል። ለእያንዳንዱ ተጫዋች ቢያንስ ሠላሳ ደቂቃ ያለውን አንድ ጨዋታ ተጫወቱ፣ እርምጃዎቹን ጻፉ፣ ከተሸነፋችሁ በኋላ ኮምፒውተሩን ከመክፈታችሁ በፊት «የተበላሸው የት ላይ ነው?» ብላችሁ በራሳችሁ ፈልጉ። ግምታችሁን በወረቀት ላይ አስፍራችሁ ከዚያ ኮምፒውተሩን ጠይቁ። ይህ አድካሚ ነው፤ ከሁሉም በላይ የሚጠቅመው ግን ይኸው ነው እላለሁ።

«በልጅነት ያልጀመረ አልፎበታል»

ቻይናዊው ዬ ጂያንግችዋን ቼዝን የተማረው በ17 ዓመቱ ነው፤ ግራንድ ማስተር (ከፍተኛው የቼዝ ማዕረግ) ሆኗል። ሠላሳ ዓመት ያለፈው ሰው ግራንድ ማስተር መሆን ይከብደዋል፤ የሠፈሩን ጠንካራ ተጫዋች ለማሸነፍ ግን ዕድሜው አይከለክለውም።

«ያለ ገንዘብ አይሆንም»

ሊቼስ የተባለው ድረ ገጽ እንቆቅልሹንም፣ ትምህርቱንም፣ ከኮምፒውተር ጋር መጫወቱንም ያለ ክፍያና ያለ ማስታወቂያ ይሰጣል። ስልክና ኢንተርኔት ካላችሁ ይበቃል።

«ቼዝ የፈረንጅ ጨዋታ ነው»

አይደለም። ከሕንድ ተነሥቶ በፋርስና በዐረቦች በኩል ዓለምን ያዳረሰ ጨዋታ ነው። አያቶቻችን ሰንጠረዥ ብለው ተጫውተውታል፤ ያውም የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሁለቱም ተራ ሳይጠብቁ የሚንቀሳቀሱበትን «ወረራ» ጨምረውበት። ልጆቻችን ይህን ሲሰሙ ዓይናቸው ሲበራ አይቻለሁ።

«የጨዋታው ማብቂያ ለኋላ ይቆይ»

ከ1921 እስከ 1927 እ.ኤ.አ. የዓለም ሻምፒዮና የነበረው ኩባዊው ካፓብላንካ ጥናት ከማብቂያው እንዲጀመር ይመክር ነበር። ጥቂት ጠጠር ሲቀር የእያንዳንዱ ኃይል ወለል ብሎ ይታያል። ይህን የማያውቅ ያሸነፈውን ጨዋታ ያበላሻል፦ ጥቁሩ ንጉሥ ብቻውን ኤ8 ላይ ተወሽቆ ሳለ ንግሥቲቱን ቢ6 ላይ ያሳረፈ ሰው ንጉሡን መሄጃ አሳጥቶታል፤ ግን ቼክ አላለውምና ውጤቱ አቻ ነው። አንድ ሙሉ ንግሥት ይዞ።

ዛሬ ማታ ሦስት ጠጠር ብቻ ዘርጉ። ነጭ ንጉሥ ኢ5፣ ነጭ ወታደር ኢ4፣ ጥቁር ንጉሥ ኢ7። ተራው የጥቁር ከሆነ ንጉሡ ወደ ግራም ቢል ወደ ቀኝ ነጩ በሌላው በኩል ሾልኮ ይገባል፣ ወታደሩም መጨረሻው ረድፍ ደርሶ ንግሥት ይሆናል። ተራው የነጭ ከሆነ ግን ጥቁሩ በትክክል ፊት ለፊት እየቆመ ከጠበቀ፣ ነጩ ምንም ቢያደርግ አቻ ነው። ሁለቱንም ወገን ሆናችሁ ደጋግማችሁ ተጫወቱት።