ኤልሲ 50 ምንድን ነው?

አንድ በርሜል ሄክሴን (ማጣበቂያና ቲነር ውስጥ የሚገባ፣ ቶሎ የሚተን ፈሳሽ) ሲገዛ የደህንነት መረጃ ወረቀት አብሮት ይመጣል። ቢያንስ መምጣት አለበት። ወረቀቱ 16 ክፍል አለው፤ 11ኛው ስለ መርዛማነት ነው። እዚያ ውስጥ «በመተንፈስ፣ አይጥ፣ 4 ሰዓት፣ ኤልሲ 50፦ 48,000 ፒፒኤም» የሚል መስመር ታገኛላችሁ።

ቁጥሩ ትልቅ ስለሆነ ያስደነግጣል። ነገሩ ግን የተገላቢጦሽ ነው። ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ለመግደል ብዙ ያስፈልጋል ማለት ነው፤ መርዙ ደካማ ነው። በዚህ መስመር ብቻ ከፈረድን ሄክሴን የዋህ ፈሳሽ ይመስላል። ግን እሱን ሲተነፍሱ ኖረው እግራቸው አልታዘዝ ያላቸው ሰዎች አሉ። ሁለቱ እንዴት አብረው እውነት ይሆናሉ?

ኤልሲ 50 ማለት ለተወሰነ ሰዓት ከተነፈሱት እንስሳት ግማሾቹን ይገድላል ተብሎ የሚሰላ፣ በአየር ውስጥ ያለ የኬሚካል መጠን ነው። የትኛው እንስሳ እንደሆነ፣ ስንት ሰዓት እንደተነፈሰና መለኪያው ምን እንደሆነ አብሮ ካልተጻፈ ቁጥሩ ብቻውን ዋጋ የለውም። ፒፒኤም ከሚሊዮን እጅ አየር ስንቱ እጅ ኬሚካሉ እንደሆነ ይናገራል። 48,000 ፒፒኤም ከአየሩ 4.8 በመቶ ነው። የሄክሴን ተን ደግሞ ከ1.1 እስከ 7.5 በመቶ ባለው መካከል እሳት ካገኘ ይፈነዳል። አይጡን የሚገድለው መጠን ላይ ከመድረሳችን በፊት ቤቱ ሊፈነዳ ይችላል ማለት ነው።

ለምን ግማሽ? በ1927 እ.ኤ.አ. ትሬቫን የተባለ እንግሊዛዊ ተመራማሪ ያነሳው ሐሳብ ነው። ከእሱ በፊት ይፈለግ የነበረው «የሚገድለው ትንሹ መጠን» ነበር። ችግሩ እንስሳት አንድ ዓይነት አለመሆናቸው ነው። አንዱ ደካማ ቀድሞ ይሞታል፣ አንዱ ጠንካራ አልሞት ይላል፣ ውጤቱም በየሙከራው ይለዋወጣል። መሐሉ ግን ይረጋጋል። ትሬቫን ያሰበው በአፍ ወይም በመርፌ ስለሚሰጥ ነገር ነው። ወደ ትንፋሽ ሲመጣ ግን አንድ ራስ ምታት ይጨመራል፦ አየሩ ራሱ።

ክኒን ይመዘናል፣ መርፌ ይለካል። ተንስ? ፈሳሹ ቀስ እያለ ሞቅ ያለ ብርጭቆ ላይ ይንጠባጠባል፣ ይተናል፣ ከንጹሕ አየር ጋር ይደባለቃል፣ ከዚያ ወደ እንስሳቱ ይሄዳል። የፈሰሰውን ፈሳሽ ለአየሩ መጠን አካፍሎ «ይህን ያህል ነው» ማለት ቀላል ነው። ግን ከፊሉ ቱቦው ላይ ይቀራል፣ ከፊሉ ግድግዳው ላይ ይለጠፋል። ስለዚህ ከአይጡ አፍንጫ ፊት ናሙና እየተወሰደ በጋዝ ክሮማቶግራፊ፣ ማለትም የተን ድብልቅን ለይቶ በሚለካ መሣሪያ፣ ይለካል። በስሌት ብቻ የተገኘ የድሮ ቁጥር ሲገጥመኝ በግማሽ ልብ ነው የማምነው።

እንስሳቱ የት ይሁኑ የሚለውም ያከራክራል። ሰፊ ሣጥን ውስጥ ቢለቀቁ እንደልባቸው ይንቀሳቀሳሉ። ግን ይተቃቀፋሉ፣ አፍንጫቸውን አንዱ የሌላው ፀጉር ውስጥ ይቀብራሉ፣ ፀጉራቸው ላይ ያረፈውንም ይልሱታል። ያን ጊዜ ሙከራው የመተንፈስ መሆኑ ቀርቶ የመብላትም ይሆናል። ስለዚህ ብዙ ላቦራቶሪዎች አይጡን ጠባብ ቱቦ ውስጥ አስገብተው አፍንጫውን ብቻ ለተኑ ያጋልጣሉ። እሱም በነጻ አይደለም። 4 ሰዓት ታስሮ መቆየት ራሱ እንስሳውን ያስጨንቃል፣ ያሞቀዋል። እንደ ሄክሴን ቶሎ ለሚተን ነገር የፀጉሩ ጉዳይ ያን ያህል አያሰጋም። ጉም ሆኖ ለሚረጭ ነገር ግን ቱቦው ይሻላል።

የበለጸጉ አገሮች የኢኮኖሚ ድርጅት የሆነው ኦኢሲዲ ለኬሚካል ሙከራ ያወጣው መመሪያ ቁጥር 403 በተለመደው አሠራር ለእያንዳንዱ መጠን አምስት ወንድና አምስት ሴት አይጥ፣ ቢያንስ ሦስት የተለያየ መጠን፣ ከዚያም የ14 ቀን ክትትል ይጠይቃል። ከሞቱትና ከተረፉት ተነስቶ ግማሹ የሚሞትበት ነጥብ በስታቲስቲክስ ይሰላል። በጥቂት እንስሳት የሚሠራው መመሪያ 436 ከዚያ በኋላ መጣ። መመሪያ 433 ደግሞ ሞትን መጠበቅ ትቶ ግልጽ የመመረዝ ምልክትን ይመለከታል። እኔ ይኼኛውን እመርጣለሁ። ሞት ቆጥሮ የሚገኘው እውቀት ያን ያህል ብዙ አይደለም።

አሁን ወደ ሄክሴን እንመለስ። 48,000 ፒፒኤም ወደ ክብደት ሲለወጥ በአንድ ሊትር አየር 169 ሚሊግራም ገደማ ይሆናል። ዓለም አቀፉ የኬሚካል ምደባ በትንፋሽ «አጣዳፊ መርዝ» ብሎ የሚመድበው ተን ኤልሲ 50ው ከ20 ሚሊግራም የማይበልጥ ከሆነ ነው። ሄክሴን ከዚህ ከስምንት እጥፍ በላይ ርቆ ያመልጣል።

ጃፓን ውስጥ ግን በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ቤታቸው ሆነው ሰንደል ጫማ የሚሠሩ ሰዎች እግርና እጃቸው መደንዘዝ ጀመረ። የሚጠቀሙበት ማጣበቂያ ውስጥ የነበረው ሄክሴን ነበር። ሐኪሞቹ 93 በሽተኞች መዘገቡ። በ2009 እ.ኤ.አ. ደግሞ በቻይናዋ ሱጆው፣ ለአፕል የስልክ ስክሪን በሚያመርት ፋብሪካ፣ 137 ሠራተኞች ተጎዱ። ስክሪን መወልወያው ከአልኮል ወደ ሄክሴን የተቀየረው ሄክሴን ቶሎ ስለሚደርቅ ነው። አልኮሉ ትንሽ ይዘገያል፤ በቃ፣ ለዚያች ጥቂት ሰከንድ ነው።

ሁለቱ ጉዳቶች መንገዳቸው ይለያያል። በ4 ሰዓት ውስጥ አይጡን የሚገድለው ሄክሴኑ ራሱ ነው፤ እንደ ማደንዘዣ አንጎልን ያስተኛል፣ ትንፋሽ ይቆማል። ሠራተኛውን የሚጎዳው ግን ጉበት ሄክሴኑን ሰባብሮ የሚሠራው 2,5-ሄክሳንዳዮን የተባለ ነገር ነው። ይህ በነርቭ ውስጥ ያሉ ፕሮቲኖችን ይይዛል። ነርቩ ያብጣል፣ ጫፉም መሞት ይጀምራል። መጀመሪያ የሚጎዱት ረጃጅሞቹ ነርቮች ናቸው፤ ለዚህ ነው ከእግር ጣት የሚጀምረው። ሰውየው ሥራውን ካቆመም በኋላ ለተወሰኑ ወራት ሊብስበት ይችላል። ለሳምንታት ያለማቋረጥ በጥቂት መቶ ፒፒኤም ውስጥ የተቀመጡ አይጦችም የኋላ እግራቸው ደክሟል። የ4 ሰዓቱ ሙከራ ይህን ሊያይ አይችልም። ጊዜ የለውማ።

«እሺ፣ 48,000ን ለሰዓቱ አካፍለን ለስምንት ሰዓት ሥራ የሚሆነውን እናውጣ» የሚል ሰው አይጠፋም። የዚህ ሐሳብ አባት በአንደኛው የዓለም ጦርነት የጀርመንን የጋዝ ጦርነት የመራው ፍሪትዝ ሀበር ነው። መጠን ሲባዛ በጊዜ ሁልጊዜ ያው ውጤት ይሰጣል ይላል ቀመሩ። ለአንዳንድ ጋዞች በአጭር ሰዓት ውስጥ ይሠራል። ከማደንዘዝ ወደ ነርቭ መበስበስ ግን በማካፈል አይደረስም። ለዚህ ሌላ ሙከራ አለ። መመሪያ 412 የ28 ቀን፣ መመሪያ 413 የ90 ቀን ነው፤ በተለምዶ በቀን 6 ሰዓት፣ በሳምንት 5 ቀን። እዚህ ዋናው ጥያቄ ስንት ሞተ ሳይሆን ጉዳት ያልታየበት መጠን የቱ ነው የሚለው ነው። በሥራ ቦታ የሚፈቀደው መጠን ከእንዲህ ዓይነት ጥናትና ከሠራተኞቹ ታሪክ ይወጣል። እሱም ቢሆን አንድ አይደለም። በአሜሪካ የሙያ ደህንነት ምርምር ተቋሙ ኒዮሽ ለሄክሴን 50 ፒፒኤም ይመክራል፤ የመንግሥት የሥራ ደህንነት ተቆጣጣሪው ኦሻ በሕግ ያስቀመጠው ጣሪያ ግን 500 ነው። አሥር እጥፍ!

ሌላው ሙከራው የማያየው ነገር ድብልቅ ነው። ላቦራቶሪው አንድ ኬሚካል ለብቻው ያስተነፍሳል፤ ቲነርና ማስቲሽ ውስጥ ግን ብዙ ነገር አለ። በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. አጋማሽ በምዕራብ በርሊን የማጣበቂያ ማቅጠኛ የሚያሸቱ ወጣቶች ነበሩ። ማቅጠኛው ድሮም ሄክሴን ነበረበት። ከዚያ ሜቲል ኢቲል ኬቶን የተባለ ሌላ ማሟሚያ ፈሳሽ ተጨመረበት፣ ወጣቶቹም ሽባ መሆን ጀመሩ። ኬቶኑ ለብቻው ነርቭን እንዲህ አያደርግም፤ የሄክሴንን ጉዳት ግን ያባብሳል። እኛም ከተማ ውስጥ ማስቲሽ የሚያሸቱ ልጆችን ስናይ ጣሳው ላይ የተጻፈ ዝርዝር ካለ ማንበብ ያዋጣል።

መርካቶም ሆነ ሌላ ቦታ ጠባብ ክፍል ውስጥ ጫማ ለሚሠራ ሰው ከ11ኛው ክፍል ይልቅ 2ኛውና 8ኛው ይጠቅማሉ። 2ኛው ላይ ኤች 372 ወይም ኤች 373 የሚል የአደጋ ኮድ ከተጻፈ፣ ተደጋግሞ ወይም ለረጅም ጊዜ ሲጋለጡበት አካልን ይጎዳል ወይም ሊጎዳ ይችላል ማለት ነው። 8ኛው የሥራ ቦታ ጣሪያውንና መከላከያውን ይነግራል። የሄክሴን ተን ከአየር ሦስት እጥፍ ያህል ስለሚከብድ ከጣሳው ሲወጣ ወደ ታች ይወርዳል፤ ዝቅ ብሎ ለሚቀመጥ ሰው ቅርብ ነው። የጨርቅና የወረቀት ማስክ ለተን ምንም አያደርጉም፣ ተኑ አልፎ ይገባል። የሚይዘው የከሰል ማጣሪያ ያለው ነው፤ እሱም ሲሞላ ይቀየራል።