ቅጽበታዊ የሽክርክሪት ዛቢያ፦ ከደብረ ብርሃን ጭቃ እስከ ጣርማበር ቁልቁለት

ቅጽበታዊ የሽክርክሪት ዛቢያ የሚባለው፣ አንድ ግትር አካል ሲንቀሳቀስ በአንዲት ቅጽበት ፍጥነታቸው ዜሮ የሆኑ ነጥቦች የሚሰለፉበት መስመር ነው። ግትር አካል ማለት በማናቸውም ሁለት ነጥቦቹ መካከል ያለው ርቀት የማይለወጥ አካል ነው። በዚያች ቅጽበት አካሉ በሙሉ በመስመሩ ዙሪያ እንደሚዞር ይቆጠራል፤ ቅጽበቷ ስታልፍ መስመሩም ቦታውን ይለቃል። ተማሪ ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው ይህን ዛቢያ ጎማው መሐል ከሚገባው ብረት ጋር ሲያምታታው ነው። ብረቱ በእጅ ይጨበጣል። ቅጽበታዊው ዛቢያ ግን አካሉ ውስጥ እንኳ ላይገኝ ይችላል።

በክረምት ደብረ ብርሃን ውስጥ የሚመላለስ ሰው ማስረጃውን ከመንገዱ ላይ ያገኘዋል። ጋሪ ሳይንሸራተት ባለፈበት ጭቃ ላይ የጎማው ጥርስ ጥርት ብሎ ታትሞ ይቀራል። ማኅተም እንዲህ የሚወጣው ሲጫኑት እንጂ ሲጎትቱት አይደለም፤ ጎማው መሬቱን የነካበት ቦታ በነካበት ቅጽበት ቆሞ ነበር ማለት ነው። ስለዚህ ሳይንሸራተት የሚሽከረከር ጎማ ዛቢያው መሬቱ ላይ ነው። የየትኛውም ነጥብ ፍጥነት ከዚያ ዛቢያ ባለው ርቀት ልክ ያድጋል። በሰዓት 36 ኪሎ ሜትር፣ ማለትም በሰከንድ 10 ሜትር የሚሄድ የጭነት መኪና እንውሰድ፤ የጎማው ሬዲየስ ግማሽ ሜትር ይሁን። የሽክርክሪት ፍጥነቱ በሰከንድ 20 ራዲያን (ራዲያን የማዕዘን መለኪያ ነው) ይሆናል። መሬት የነካው ላስቲክ ቆሟል፣ የጎማው መሐል በ10 ሜትር ይሄዳል፣ አናቱ ደግሞ በ20 ሜትር ወደ ፊት ይወረወራል። ፓራፋንጎ የሌለው መኪና ጭቃውን ከራሱ አስቀድሞ የሚወረውረውም ለዚህ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ፍጥነት ዜሮ ነው ማለት ሽምጠትም፣ ማለትም ፍጥነቱ የሚለወጥበት መጠን፣ ዜሮ ነው ማለት አይደለም። ያው መሬት የነካ ላስቲክ በዚያችው ቅጽበት ወደ ጎማው መሐል፣ በሰከንድ ስኩዌር 200 ሜትር ይሸመጥጣል፤ ይህም ከመሬት ስበት ሽምጠት 20 እጥፍ ገደማ ነው። ሌላም አለ፦ ላስቲኩ ቢቆምም ጎማውና መሬቱ የሚገናኙበት ቦታ ከመኪናው እኩል በሰከንድ 10 ሜትር ወደ ፊት ይሄዳል። ዛቢያው ይጓዛል እንጂ አንዱን የላስቲክ ቁራጭ ይዞ አይቀርም።

ጎማው ሲንሸራተት ነገሩ ይበልጥ ይጥማል። ዛቢያው ከጎማው መሐል በታች የሚርቀው፣ የመኪናው ፍጥነት ለሽክርክሪት ፍጥነቱ ሲካፈል በሚገኘው ርቀት ነው። መኪናው ጭቃ ውስጥ ተቀርቅሮ ጎማው ባለበት ቢሽከረከር ዛቢያው ወደ ጎማው መሐል ይወጣል። እየተንሸራተተም ቢሆን በሰከንድ 2 ሜትር ቢራመድና ጎማው ያንኑ 20 ራዲያን ቢዞር፣ ዛቢያው ከመሐሉ 10 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ ይገኛል። የጣርማበርን ዋሻ አልፎ ወደ ደብረ ሲና በሚወርደው ቁልቁለት ግን ፍሬን ሲያዝ ተቃራኒው ይሆናል። መኪናው በ10 ሜትር እየሄደ የጎማው ሽክርክሪት ወደ 10 ራዲያን ቢወርድ፣ ዛቢያው ከአስፋልቱ ግማሽ ሜትር በታች፣ አፈር ውስጥ ይገባል። ፍሬኑ ጎማውን ጨርሶ ቢቆልፈው ሽክርክሪት የለም፤ ዛቢያውም ማለቂያ ወደሌለው ርቀት ይሸሻል። ያኔ ጎማው መዞሩን ትቶ እንደ ድንጋይ ይጎተታል።

ዛቢያውን ለማግኘት የሁለት ነጥቦች የጉዞ አቅጣጫ ይበቃል፤ አቅጣጫዎቹ ትይዩ ካልሆኑ በቀር። በየነጥቡ ላይ ለአቅጣጫው ቀጤ ነክ መስመር ይሰመራል፤ ዛቢያው መስመሮቹ የሚገናኙበት ነው። ግድግዳ የተደገፈ 5 ሜትር የባሕር ዛፍ መሰላል እግሩ ከግድግዳው 3 ሜትር ርቆ፣ ራሱ 4 ሜትር ከፍታ ላይ ሳለ ይንሸራተት እንበል። እግሩ መሬት ለመሬት፣ ራሱ ቁልቁል ይሄዳል። ቀጤ ነኮቹ የሚገናኙት ከግድግዳው 3 ሜትር ርቆ፣ 4 ሜትር ከፍታ ላይ፣ ባዶ አየር ውስጥ ነው። እግሩ በሰከንድ 1 ሜትር ከሄደ፣ ራሱ በ0.75 ሜትር ይወርዳል።

በጠለል፣ ማለትም በጠፍጣፋ ገጽ ላይ ለሚደረግ እንቅስቃሴ ሐሳቡን ስዊዘርላንዳዊው የሒሳብ ሊቅ ዮሐን በርኑሊ እ.ኤ.አ. በ1742 አቀረበው። በ1763 ጣሊያናዊው ጁሊዮ ሞዚ፣ በ1830 ደግሞ ፈረንሳዊው ሚሼል ሻል ርዝመት፣ ስፋትና ከፍታ ወዳለው ሙሉ ሕዋ አሰፉት። በሕዋ ውስጥ ቆሞ የሚገኝ ነጥብ ጭራሽ ላይኖር ይችላል፤ የሚቀረው፣ አካሉ እየዞረበት በርዝመቱም የሚንሸራተትበት መስመር ነው። ምሳሌው መንዝ ውስጥ ሱፍ በሚፈተልበት እንዝርት ላይ ይታያል። ፈታይዋ አሹራ ስትለቀው እየዞረ ቁልቁል ይወርዳል፤ ዘንጉ መሐል ያለው ነጥብ እንኳ አይቆምም፣ እንደ ብሎን እየተጠማዘዘ ከክሩ ጋር ዝቅ ይላል።