ፍሎረሰንት፣ ፓውዛ፣ ባላስት፦ አሮጌ መብራት መሰብሰብ በጅማ

ቴምብር የሚሰበስብ ሰው ማንንም አያስገርምም። አሮጌ ሳንቲምም እንደዚያው። የተቃጠለ ፍሎረሰንት ይዞ ወደ ቤቱ የሚሄድ ሰው ግን "ደግሞ ይሄ ምን ሊሠራልህ ነው?" መባሉ አይቀርም። በብዙ አገር ግን ይሄ የታወቀ የትርፍ ጊዜ ሥራ ነው። ሰብሳቢዎቹ የሚፈልጉት ዲስቻርጅ መብራት የሚባለውን ወገን ነው፤ ማለትም እንደ ተራ አምፖል ሽቦ ግሎ ሳይሆን ኤሌክትሪክ በጋዝ ወይም በብረት ትነት ውስጥ እያለፈ የሚያበራውን። ፍሎረሰንት፣ ቆጣቢ አምፖል፣ ኒዮን፣ የሜርኩሪና የሶዲየም ፓውዛ እዚህ ውስጥ ይገባሉ። ኤልኢዲ አይገባም።

ጅማ ለዚህ ሥራ ትመቻለች ባይ ነኝ። ከጣሊያን ጊዜ የቀሩ ቤቶች አሏት፣ እንደ እርሻ ትምህርት ቤቱ (የተከፈተው በ1952 እ.ኤ.አ. ነው) ያሉ የንጉሡ ዘመን ተቋማት አሏት፣ ከዚያ የዩኒቨርሲቲው ግቢዎች ይመጣሉ፣ አሁን ደግሞ ባለመስታወት ፎቁ። የድሮ ቤት ሲታደስ ጣሪያው ላይ ያለው ሁሉ ወርዶ በኤልኢዲ ይተካል። የወረደው ቱቦ ቆሻሻ ገንዳ ይገባል። ባላስቱ፣ ማለትም ከቱቦው ጋር የሚሠራው ከረንት መግቻ፣ ግን ለቁራሌው ነው፣ ውስጡ የመዳብ ሽቦ ስላለ በኪሎ ይሸጣል። ሰብሳቢን የሚያንገበግበው ይሄ ነው። ባላስት የሌለው ቱቦ ግማሽ ዕቃ ነውና።

ለምን እንደሆነ እንየው። ቱቦው ውስጥ አርጎን የሚባል ጋዝ ትንሽ አለ። የጤፍ ፍሬ የምታህል የሜርኩሪ ጠብታም አለች። በሁለቱ ጫፎች ደግሞ ፊላመንት የሚባሉ ቀጫጭን ሽቦዎች። ኤሌክትሪኩ ሲያልፍ የሜርኩሪው ትነት በዋናነት የሚያወጣው ዓይናችን የማያየውን አልትራቫዮሌት ነው፤ የሞገዱ ርዝመት 253.7 ናኖ ሜትር ነው። ይሄን ወደሚታይ ብርሃን የሚቀይረው ከውስጥ የተቀባው ነጭ ዱቄት፣ ፎስፈሩ ነው። ዱቄቱን ለውጡት፣ ቀለሙ ይለወጣል። ባንክ ቤት ብር የሚመረመርበት ሐምራዊ መብራት ሲሠራ የኖረው በዚሁ ዘዴ ነው፣ ፎስፈሩ ብቻ ሌላ ነው። ጀርም መግደያው ደግሞ ጭራሽ ፎስፈር የለውም፣ ስለዚህ አልትራቫዮሌቱ እንዳለ ይወጣል። ወደ እሱ ማየትም እጅ መዘርጋትም አያስፈልግም።

ችግሩ፣ ጋዝ አንዴ ኤሌክትሪክ ማሳለፍ ከጀመረ በቃኝ አያውቅም። ከረንቱ በጨመረ ቁጥር መንገዱ ይበልጥ ይከፈትለታል። ቱቦን ያለ ባላስት 220 ቮልት ላይ ብታስነሱት ወይ ይበላሻል ወይ ብሬከሩን ይጥላል። ይሄን የሚገታው ባላስቱ ነው። የድሮው ባላስት ብረት ላይ የተጠመጠመ ሽቦ ነው፣ ሌላ ምንም ተንኮል የለበትም፤ ሲያረጅ እዝዝ የሚለውም እሱ ነው። ኤሌክትሮኒክ ባላስት ቀላል ነው፣ ድምፅም የለውም፣ ግን መብረቅና የሚዋዥቅ ቮልቴጅ በቶሎ ይገድሉታል። የእኔ ልብ ከከባዱ፣ ከድሮው ጋር ነው።

ቱቦውን የምታስነሳው ትንሿ ዕቃ፣ ስታርተሯ፣ ራሷን የቻለች ጉድ ናት። ክዳኗን ከፍታችሁ ስታዩ ትንሽ የመስታወት ቅል አለች፣ ውስጧ ሁለት ብረቶች ተጠጋግተው ቆመዋል። ማብሪያው ሲጫን ቅሏ ውስጥ ያለው ጋዝ ይበራል፣ አንደኛው ብረት ይሞቅና ይታጠፋል፣ ይገናኛሉ። በዚህ ጊዜ የቱቦው ፊላመንቶች ይግላሉ። ብረቱ ቀዝቅዞ ሲላቀቅ ባላስቱ ከፍተኛ ቮልቴጅ ይረጫል፣ ቱቦውም ይነሳል። ከተነሳ በኋላ ስታርተሯን ብትነቅሏትም መብራቱ አይጠፋም፤ ሥራዋን ጨርሳለች። አሁን ማታ ማታ ሰው ሁሉ ምጣድ ሲጥድ የሚሆነውን አስቡት። መብራቱ ይደክማል፣ ተራው አምፖል ቀላ ብሎ ይቀጥላል፣ ፍሎረሰንቱ ግን ብልጭ ድርግም እያለ እንቢ ይላል። ብዙ ሰው ቱቦውን ይረግማል፣ አንዳንዱም ይቀይረዋል። ጥፋቱ የቮልቴጁ ነው። በየሙከራው ግን ከፊላመንቱ ላይ ያለው ቅብ እየተረጨ ያልቃል፤ የቱቦው ጫፍ የሚጠቁረው በዚህ ምክንያት ነው።

ቱቦ ላይ የተጻፈውን ማንበብ የሰብሳቢ ፊደል መቁጠር ነው። ቲ12 ወፍራሙ ነው፣ 38 ሚሊ ሜትር። ቲ8 26፣ ቲ5 16 ሚሊ ሜትር ይወፍራሉ። ቁጥሩ ውፍረቱን በኢንች ስምንተኛ ይናገራል። ባለ 1.20 ሜትሩ ቲ12 40 ዋት ነው፣ ተተኪው ቲ8 36 ዋት፤ በእኛ 220 ቮልት ያው የድሮው ባላስት ሁለቱንም ያበራል። ከዚያ እንደ 765 ወይም 840 ያለ ባለሦስት አኀዝ ቁጥር ይመጣል። የመጀመሪያዋ አኀዝ ቀለምን ምን ያህል በትክክል እንደሚያሳይ ትናገራለች፣ 8 ከ7 ይሻላል። የቀሩት ሁለቱ የብርሃኑን ቀለም ኬልቪን በሚባል መለኪያ፣ በመቶዎች ይሰጣሉ፤ 65 ማለት 6500፣ ሰማያዊ የሚነካው ነጭ። ልብስ ስንገዛ ጨርቁን ይዘን ደጅ የምንወጣው እኮ ሱቁ ውስጥ ያለው 765 ቀዩን ስለሚያደበዝዘው ነው። ባለሱቁ ይቆጣል፣ እናንተ ግን ውጡ።

ይሄን ለማየት ሲዲ ይበቃል። አብረቅራቂውን ጎን ወደ ቱቦው አዘንብሉት። ተራ አምፖል ያልተቋረጠ ቀስተ ደመና ያሳያል። በ765ቱ ላይ ቀስተ ደመናው አለ፣ ግን የሜርኩሪው አረንጓዴና ሰማያዊ መስመሮች በላዩ ጎልተው ይወጣሉ። 840 ላይ ቀለሞቹ ተለያይተው ይቆማሉ፣ ሰማያዊ ለብቻ፣ አረንጓዴ ለብቻ፣ ቀይ ለብቻ። ስልካችሁን በስሎው ሞሽን ብታነሱት ደግሞ የድሮው ባላስት መብራት ሲንቀጠቀጥ ታያላችሁ፣ በሰከንድ 100 ጊዜ። ይሄ ቀልድ አይደለም። የጅማ እንጨት ቤቶች በርጩማና አልጋ ሲሠሩ ክብ መጋዙ በፍሎረሰንት ስር የቆመ ሊመስል ይችላል። ማሽን ላይ ተራ አምፖል ጨምሩ የሚባለው ለዚህ ነው።

ፓውዛዎቹ ሌላ ዓለም ናቸው። የሜርኩሪው ነጭ ነው፣ ሲያረጅ ደግሞ እየደበዘዘ ወደ አረንጓዴ ይሄዳል። ከፍተኛ ግፊት ያለው ሶዲየም ወርቃማ ነው። ዝቅተኛ ግፊት ያለው ሶዲየም ደግሞ በ589 ናኖ ሜትር አካባቢ ቢጫ ብቻ ያወጣል፣ ከስሩ የቆመ ሰው የልብሱ ቀለም ይጠፋል፤ እሱን ጅማ ውስጥ ያገኘ ሰው ዕድለኛ ነው። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ልብ ብላችሁ ታውቃላችሁ? ግልገል ጊቤ ቁጥር 1 ባለ 184 ሜጋ ዋቱ ጎረቤታችን ቢሆንም መጥፋቱ አልቀረልንምና ዕድሉ ሞልቷል። የቤቱ አምፖል ወዲያው ይበራል። የሜርኩሪው ፓውዛ ግን ለደቂቃዎች ጨልሞ ይቆያል። አልተበላሸም፣ ውስጡ ያለው ግፊት እስኪበርድ እየጠበቀ ነው። የውጭ ቅሉ የተሰበረ የሜርኩሪ ፓውዛ ግን በፍጹም አታብሩ። የውስጡ የኳርትዝ ቱቦ አልትራቫዮሌቱን ያሳልፋል፣ ዓይንና ቆዳ ያቃጥላል።

ታሪኩን ባጭሩ፦ ፒተር ኩፐር ሂዊት በ1901 እ.ኤ.አ. የሜርኩሪ ትነት መብራቱን አሳየ፣ ፍሎረሰንት በ1938 በአሜሪካ ገበያ ላይ ዋለ። ጣሊያን ጅማን የለቀቀው በ1941 ነው። ስለዚህ "የጣሊያን ጊዜ ፍሎረሰንት" ብሎ የሚያስወድድባችሁ ደላላ ካጋጠማችሁ ፈገግ ብላችሁ እለፉት። ከዚያ ዘመን ቤት የሚገኘው ባለሸክላ ማብሪያና ጨርቅ የለበሰ ሽቦ ነው።

ቱቦ ሲሰበር መጥረጊያ አታንሱ፣ ሜርኩሪውን ይበትነዋል። መስኮት ከፍታችሁ ለሩብ ሰዓት ያህል ውጡ። ከዚያ ጓንት አድርጋችሁ ስባሪውን በካርቶን አንሱት፣ ደቃቁን በፕላስተር ለቅማችሁ ክዳን ባለው ዕቃ ዝጉት። አሮጌ ቱቦ ከአዲሱ ብዙ እጥፍ ሜርኩሪ ሊይዝ ይችላል። ልጆች ቱቦ እየወረወሩ ማፈንዳት ይወዳሉ፣ ይሄን መከልከል ያለበት የሰፈሩ ሰው ሁሉ ነው።

ጊዜው ደግሞ እየጠበበ ነው። የሜርኩሪን አጠቃቀም ለመቀነስ የተደረገው የሚናማታ ስምምነት አባል አገሮች በ2023 እ.ኤ.አ. ተሰብስበው የድሮውን ፎስፈር የያዙ ቱቦዎች፣ እነ 765ን፣ እስከ 2026፣ የ840ዎቹን ዓይነት እስከ 2027 ከምርትና ከንግድ ሊያስወጡ ወስነዋል። አሁን መርካቶ አካባቢ ከኤልኢዲው ጀርባ አቧራ ለብሶ የተቀመጠ ካርቶን ካያችሁ፣ ጥቂት ማስቀረቱ አይከፋም። ከነካርቶኑ፣ ከነገሩ ሁሉ። የት እንዳገኛችሁት በወረቀት ጻፉና እዚያው ክተቱት። መስታወቱን ግን በእርጥብ ጨርቅ አትሹት፣ የፋብሪካው ጽሑፍ በቀላሉ ይለቃል፤ ጽሑፉ ከጠፋ ደግሞ ምን እንደሆነ ማወቂያው ሲዲው ብቻ ይሆናል።