የኤሌክትሪክ ምጣድ ስፒና አገጣጠም

ከቤት ዕቃ ሁሉ ስፒናን እንደ ኤሌክትሪክ ምጣድ የሚፈትን የለም። መስመሩ 220 ቮልት በመሆኑ 3,500 ዋት የሆነ ምጣድ ወደ 16 አምፔር ይስባል፤ የተለመደው ባለ ግራውንድ (የመሬት መስመር) ክብ ስፒና የሚችለውም ቢበዛ 16 አምፔር ነው። ባለ 4,000 ዋት ምጣድ ግን 18 አምፔር ስለሚያልፍ ስፒና አይበቃውም፤ የራሱ ብሬከር ያለው የተለየ መስመር ያስፈልገዋል።

ገመዱ ባለ ሦስት ክር ተጣጣፊ መዳብ፣ ውፍረቱም 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ቢሆን ይመረጣል። 0.75 ለቴሌቪዥን ይበቃል፣ ምጣድ ላይ ግን ይግላል። ተራ የፒቪሲ ልባስ የጋለ ብረት ሲነካ ስለሚቀልጥ ሙቀት የሚችል የጎማ ገመድ ይሻላል።

ቡናማው ፌዝ (ኤሌክትሪኩ የሚመጣበት)፣ ሰማያዊው ኒውትራል (የሚመለስበት)፣ አረንጓዴና ቢጫው ግራውንድ ነው። ከአሜሪካ በመጣ ዕቃ ላይ ጥቁሩ ፌዝ፣ ነጩ ኒውትራል፣ አረንጓዴው ግራውንድ ነው፤ ዕቃው 120 ቮልት ብቻ ከሆነ ስፒናው ቢቀየርም ያለ ትራንስፎርመር አይሰካም።

የውጭው ልባስ 4 ሴንቲ ሜትር ያህል ይገፈፋል። በዚህ ጊዜ ምላጩ የውስጡን ልባስ ከነካው ቆርጦ እንደገና መጀመር ነው። ገመዱ ቢጎተት መጨረሻ እንዲላቀቅ ግራውንዱ ከሁለቱ 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ይረዝማል። ጫፎቹ 7 ሚሊ ሜትር ያህል ተልጠው፣ ሽቦዎቹ አንድም ሳይቀር ተጠምዝዘው ይገባሉ፤ ወጣ ያለች አንዲት ቀጭን ሽቦ ሾርት ታደርጋለች። ጫፉን በስታኞ መበየድ ጠንካራ ይመስላል፣ ነገር ግን ስታኞ በብሎኑ ግፊት ቀስ በቀስ ይሟሽሻል፣ ብሎኑም ይላላል። የላላ ግንኙነት ይሞቃል፣ ሙቀቱ ደግሞ ይበልጥ ያላላዋል፤ ስፒና የሚቃጠለው በአብዛኛው እንዲህ ነው። የገመድ መያዣው የውጭውን ልባስ መንከስ አለበት፤ አለበለዚያ ጉተታው ሁሉ ብሎኖቹ ላይ ያርፋል።

ቤቱ ግራውንድ ከሌለው አንዳንዶች ግራውንዱን ስፒናው ውስጥ ከኒውትራሉ ጋር ያገናኙታል። ይህ ገዳይ ስህተት ነው። ክቡ ስፒና ተገልብጦ ስለሚሰካ፣ በተገለበጠ ቁጥር የምጣዱ ብረት ራሱ 220 ቮልት ይሆናል። ኒውትራሉ መንገድ ላይ ቢበጠስም ውጤቱ ያው ነው። መፍትሔው ምድር ውስጥ የግራውንድ ዘንግ አስቀብሮ እስከ ሶኬቱ መስመር ማስዘርጋትና ኤሌክትሪክ ወደ ምድር ሲፈስ የሚያቋርጥ ብሬከር ማስገባት ነው፤ ይህም የባለሙያ ሥራ ነው።

ከመሰካቱ በፊት የምጣዱ ማብሪያ በርቶ በቴስተር ይለካል። በስፒናው ሁለት እግሮች መካከል፣ ለ3,500 ዋት፣ ወደ 14 ኦም ይነበባል። ከግራውንዱ እስከ ምጣዱ ብረት ወደ ዜሮ የተጠጋ መሆን አለበት፤ ከእግሮቹ ወደ ግራውንድ ግን ምንም መገናኘት የለበትም። ከመጀመሪያው ጋገራ በኋላ ስፒናው ተነቅሎ እግሮቹ ቢያቃጥሉ፣ ብሎኖቹ ጠብቀውም ካልተሻለው የላላው ሶኬቱ ነው፤ እሱ ካልተቀየረ አዲሱንም ስፒና ያቃጥለዋል።